ቡና ከፓርኪንሰንና ከአልዛይመር ያድናል? እስካሁን የሚታወቀውን ሰብስበንላችኋል

"በቀን 3 ስኒ ቡና የጠጣ ሰው አልዛይመር አይነካውም" የሚል ፖስት ቴሌግራም ወይ ቲክቶክ ላይ ሳያጋጥማችሁ አልቀረም። ከሥሩ "እኛማ ድነናል፣ ቡና በደማችን ነው" የሚሉ ኮመንቶች ተደርድረዋል። ትንሽ ወረድ ስትሉ ደግሞ ተቃራኒው ይመጣል፦ "ቡና አንጎልን ያሳንሳል!"

ሁለቱም ከሜዳ የተነሱ ወሬዎች አይደሉም። ሁለቱም እውነተኛ ጥናት አላቸው፤ ግን የያዙት የጥናቱን ጭራ ብቻ ነው። ዛሬ ሙሉውን እናያለን። ጽሑፉ ረዘም ይላል፤ ሴቭ አድርጋችሁ ቡና ስትጠጡ አንብቡት። (ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

🔹 መጀመሪያ በሽታዎቹን እንወቅ

ፓርኪንሰንም አልዛይመርም የአንጎል የነርቭ ሴሎች ቀስ በቀስ እየሞቱ የሚመጡ በሽታዎች ናቸው። የሞተው ሴል ተመልሶ አይተካም። ለዚህ ነው "እንዴት እንከላከል?" የሚለው ጥያቄ ይህን ያህል የሚያጓጓው።

ፓርኪንሰን ስሙን ያገኘው በ1817 በሽታውን በጽሑፍ ካሳወቀው እንግሊዛዊ ሐኪም ጄምስ ፓርኪንሰን ነው። እንቅስቃሴያችንን የሚያስተካክለውን ዶፓሚን የሚያመርቱ ሴሎች ሲያልቁ እጅ ይንቀጠቀጣል፣ ሰውነት ይገታል፣ እርምጃ ይዘገያል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 በዓለም ላይ ከ8.5 ሚሊዮን በላይ ሰዎች ከበሽታው ጋር እንደሚኖሩ ገምቷል።

አልዛይመርን በ1906 ለመጀመሪያ ጊዜ ለሐኪሞች ጉባኤ ያቀረበው ጀርመናዊው አሎይስ አልዛይመር ነው። ዲሜንሺያ የሚባለው የመርሳት ችግር በብዛት የሚመጣው ከእሱ ነው። በ2021 በዓለም ላይ 57 ሚሊዮን ያህል ሰዎች ዲሜንሺያ ነበረባቸው።

🔹 ካፌይን አንጎል ውስጥ ገብቶ ምን ይሠራል?

ነቅተን በቆየን ቁጥር አንጎላችን ውስጥ አዴኖሲን የሚባል ንጥረ ነገር ይጠራቀማል። አዴኖሲን የራሱ መቀበያዎች አሉት፤ እዚያ ሲያርፍ "ደክሞሃል፣ ተኛ" የሚል መልእክት ያስተላልፋል። የካፌይን ቅርጽ ከአዴኖሲን ጋር ስለሚመሳሰል ቀድሞ ወንበሩን ይይዝበታል። ድካሙ አልጠፋም፤ መልእክቱ ነው ያልደረሰው።

እዚህ ላይ ነው ነገሩ ከፓርኪንሰን ጋር የሚገናኘው። ከእነዚህ መቀበያዎች አንዱ፣ ኤ2ኤ የሚባለው፣ በብዛት የሚገኘው ዶፓሚን በሚሠራበት የአንጎል ክፍል ነው። አዴኖሲን እዚያ ሲያርፍ የዶፓሚንን ሥራ ይጎትታል። ካፌይን አዴኖሲንን ሲከለክለው ዶፓሚን ትንሽ ይለቀቅለታል ማለት ነው። ተመራማሪዎች "ይህ ነገር ሴሎቹንም ይጠብቅ ይሆን?" ብለው የጠየቁት ለዚህ ነው።

🔹 ስለ ፓርኪንሰን የተገኘው

በጣም የሚጠቀሰው ጥናት በ2000 የታተመው የሃዋይ ጥናት ነው። በትውልድ ጃፓናዊ የሆኑ 8,004 አሜሪካውያን ወንዶችን ለ30 ዓመት ያህል ተከታትሏል፤ ከእነሱ ውስጥ 102ቱ ፓርኪንሰን ያዛቸው። ቡና ጨርሶ የማይጠጡት ላይ በሽታው በዓመት ከ10,000 ሰው 10.4 ነበር። በቀን 830 ሚሊ ሊትር ያህልና ከዚያ በላይ የሚጠጡት ላይ ግን 1.9 ብቻ።

በ2001 ደግሞ ከ47,000 በላይ ወንዶችንና ከ88,000 በላይ ሴቶችን የተከታተለ የአሜሪካ ጥናት ወጣ። ወንዶቹ ላይ ካፌይን በጨመረ ቁጥር የበሽታው ዕድል ቀነሰ። ሴቶቹ ላይ ግን መስመሩ ቀጥ አላለም፦ ዝቅተኛው ቁጥር የታየው በቀን ከ1 እስከ 3 ኩባያ የሚጠጡት ላይ ነው። ካፌይኑ የወጣለት ቡና (ዲካፍ) ደግሞ ምንም ግንኙነት አላሳየም። ይህ ጥርጣሬውን ከቡናው አንስቶ ወደ ካፌይኑ አዞረው።

🔹 ቆይ፣ ቁጥሩን እናንብበው

"ቡና ፓርኪንሰንን በ5 እጥፍ ይቀንሳል" ተብሎ ሼር የሚደረገው ከሃዋዩ ጥናት የመጣ ነው። ስሌቱ ልክ ነው፤ ግን በሌላ በኩል እዩት። ቡና ከማይጠጡት 10,000 ሰዎች ውስጥ በአንድ ዓመት 9,990ው ገደማ አልታመሙም። ብዙ ከሚጠጡት ደግሞ 9,998ቱ። ልዩነቱ እውነት ነው፤ ግን ቡና የማይጠጣ ሁሉ ይታመማል፣ የሚጠጣ ሁሉ ይድናል ማለት አይደለም።

ሁለተኛው ጉዳይ፦ እነዚህ ጥናቶች ሰዎችን ተመለከቱ እንጂ "አንተ ጠጣ፣ አንቺ አትጠጪ" ብለው አልከፋፈሉም። ታዲያ ቡናው በሽታውን ከለከለ ወይስ በሽታው ቡናውን? ጥያቄው ቀልድ አይደለም። ፓርኪንሰን እጅ ከማንቀጥቀጡ ከዓመታት በፊት ማሽተትን ሊያጠፋ ይችላል። የቡና ሽታ የማይሸተው ሰው ቡና ቢቀንስ ይገርማል?

በ2024 የታተመ 184,024 አውሮፓውያንን ያካተተ ጥናት ይህን ለመፈተሽ ሞክሯል። ከአንዳንዶቹ ምርመራው ከመታወቁ ከዓመታት በፊት የተቀመጠ ደም ነበርና በውስጡ ያለውን ካፌይን ለኩ። ግንኙነቱ አሁንም ታየ። ስለዚህ በፓርኪንሰን በኩል ማስረጃው ጠንከር ያለ ነው፤ የመጨረሻ ማረጋገጫ ግን አይደለም።

🔹 አልዛይመርስ?

እዚህ ነገሩ ይወሳሰባል።

👉 በ2009 የወጣ የፊንላንድ ጥናት 1,409 ሰዎችን ለ21 ዓመት ያህል ተከታተለ። በጎልማሳነታቸው በቀን ከ3 እስከ 5 ኩባያ ይጠጡ የነበሩት፣ ትንሽ ከሚጠጡት ወይም ከማይጠጡት ይልቅ ለመርሳት ችግር ያላቸው ዕድል በ65 በመቶ ዝቅ ብሎ ተገኘ። ፖስቶቹ የሚወዱት ይህን ነው። ግን በመጨረሻ የመርሳት ችግር የተገኘባቸው 61 ሰዎች ብቻ ናቸው። በ61 ሰው ላይ የቆመ መቶኛ በቀላሉ ይወዛወዛል።

👉 በ2021 ደግሞ በብሪታንያ የተሰበሰበ መረጃን ያየ ጥናት ወጣ። በቀን ከ6 ኩባያ በላይ የሚጠጡት፣ 1 ወይም 2 ከሚጠጡት ጋር ሲነጻጸሩ፣ ለዲሜንሺያ ያላቸው ዕድል በ53 በመቶ ከፍ ያለ ነበር። 17,702 ሰዎች የአንጎል ምስል ተነስተው ብዙ በሚጠጡት ላይ የአንጎል መጠን አነስ ብሎ ታይቷል። "አንጎልን ያሳንሳል" የሚለው የመጣው ከዚህ ነው። ፖስቱ ላይ የሌለው "ከ6 ኩባያ በላይ" የሚለው ቃል ነው።

እና ሁለቱ ተጣሉ? የግድ አይደለም። መካከለኛ መጠን ላይ ጉዳት አልታየም፣ ምናልባትም ጥቅም አለ፤ ሲበዛ ግን ነገሩ ይገለበጣል።

🔹 ታዲያ ለታመመ ሰው መድኃኒት ይሆናል?

ይህ ተሞክሯል። በ2017 ውጤቱ የወጣ ሙከራ 121 የፓርኪንሰን ሕሙማንን ለሁለት ከፈለ፤ ግማሾቹ በቀን ሁለት ጊዜ 200 ሚሊ ግራም ካፌይን፣ ግማሾቹ ምንም የሌለው ክኒን ወሰዱ። የእንቅስቃሴ ችግራቸው ላይ ለውጥ አልመጣም። ስለዚህ "ለአባባ ቡና አብዙላቸው፣ መድኃኒቱን ይተዉት" የሚል ምክር ካያችሁ አትቀበሉ፣ ሼርም አታድርጉ። የፓርኪንሰንን መድኃኒት በድንገት ማቆም አደገኛ ነው።

ምርምሩ ግን ከንቱ አልቀረም። ያንኑ ኤ2ኤ የተባለውን መቀበያ የሚዘጋ ኢስትራዴፊሊን የሚባል መድኃኒት በ2013 በጃፓን፣ በ2019 በአሜሪካ ተፈቅዷል። ብቻውን ሳይሆን ከዋናው መድኃኒት ከሌቮዶፓ ጋር ተደርቦ ነው የሚሰጠው።

🔹 የእነሱ ኩባያ እና የእኛ ስኒ

ጥናቶቹ "ኩባያ" ሲሉ ብዙ ጊዜ 240 ሚሊ ሊትር የሚይዘውን ትልቁን ማለታቸው ነው። የእኛ ስኒ የዚያን ሲሶ ቢይዝ ነው። በሌላ በኩል የጀበና ቡና ወፍራም ነው፤ አቦሉ ከቶናው፣ ቶናው ከበረካው ይከብዳል። ስለዚህ "3 ኩባያ" የሚለውን ወስዶ "3 ስኒ" ብሎ መተርጎም ልክ አይመጣም። ማወዳደር የሚቻለው በካፌይኑ ነው፦

☕ የተጣራ ቡና፣ 240 ሚሊ ሊትር፦ 95 ሚሊ ግራም ገደማ
🍵 ጥቁር ሻይ፣ 240 ሚሊ ሊትር፦ ከ40 እስከ 50
🥤 ኮካ ኮላ፣ 330 ሚሊ ሊትር፦ ከ30 ትንሽ በላይ
⚡ ሬድ ቡል፣ 250 ሚሊ ሊትር፦ 80

የአውሮፓ የምግብ ደህንነት ባለሥልጣን በ2015 ያወጣው ገደብ ለጤነኛ አዋቂ በቀን 400 ሚሊ ግራም፣ በአንዴ ደግሞ 200 ነው። ለነፍሰ ጡርና ለምታጠባ እናት በቀን 200። ለልጆችና ለታዳጊዎች በቀን ለእያንዳንዱ ኪሎ ክብደት 3 ሚሊ ግራም፤ 50 ኪሎ የሚመዝን ተማሪ 150 ማለት ነው። ሁለት ጣሳ ኢነርጂ ድሪንክ ይህን ያልፋል።

🔹 ለፈተና ለምታድሩት

ካፌይን ከጠጣችሁ ከ5 ሰዓት ገደማ በኋላ ግማሹ አሁንም ደማችሁ ውስጥ ነው። በ2013 የታተመ ጥናት ከመኝታ 6 ሰዓት በፊት የተወሰደ 400 ሚሊ ግራም ካፌይን እንቅልፍን ከ1 ሰዓት በላይ እንደሚቀንስ አሳይቷል። ያነበባችሁት ነገር አንጎል ውስጥ የሚጸናው ደግሞ ስትተኙ ነው። "ቡና ለአንጎል ጥሩ ነው" እያሉ እንቅልፍን መስዋዕት ማድረግ በአንድ እጅ ሰጥቶ በሌላው መቀማት ነው።

ጥናቶቹ ያዩት ለዓመታት ቡናና ሻይ የጠጡ ሰዎችን ነው። በአንድ ሌሊት 3 ጣሳ ስኳር የበዛበት መጠጥ ስለሚጠጣ ወጣት አላወሩም።

🔹 ከቡናው በላይ የሚያስፈልገው

በ2024 ላንሴት የሕክምና መጽሔት ያቋቋመው የባለሙያዎች ኮሚሽን ዲሜንሺያን የሚያባብሱና ልንቀይራቸው የምንችላቸው 14 ነገሮችን ዘርዝሯል። ሁሉም ቢስተካከሉ ከዲሜንሺያ 45 በመቶ ያህሉን መከላከል ወይም ማዘግየት ይቻላል ይላል። ዝርዝሩ ውስጥ የደም ግፊት፣ ስኳር፣ ሲጋራ፣ አልኮል ማብዛት፣ የጭንቅላት ጉዳት፣ ያልታከመ የጆሮና የዓይን ችግር፣ ትምህርት ማነስ፣ ብቸኝነት አሉበት። ቡና የለም።

ብቸኝነት የሚለውን ግን ልብ በሉ። የቡና ሥርዓታችን ትልቁ ነገር ጎረቤት መጥራቱ ነው። አያታችሁ ቡናው ሲፈላ ከሰው ጋር ተቀምጠው ሲጨዋወቱ፣ ከስኒው ውጭ ያለው ነገርም ለአንጎላቸው ይሠራል።

እና እዚያው ቡና ላይ እነዚህን አስተውሉ፦

👉 ስኒ ሳይዙ፣ እጅ አርፎ እያለ የሚንቀጠቀጥ ከሆነ፣ በተለይ በአንድ በኩል
👉 እንቅስቃሴ ከዘገየ፣ የእጅ ጽሑፍ እያነሰ ከመጣ፣ ሽታ ከጠፋ
👉 አሁን የጠየቁትን ጥያቄ ደጋግመው ከጠየቁ፣ የሚያውቁት ሰፈር ከጠፋባቸው፣ የገንዘብ ቆጠራ ካስቸገራቸው

"እርጅና ነው" ብላችሁ አትለፉት። ሐኪም ጋ ውሰዷቸው፤ ከተቻለም የነርቭ ሐኪም ጋ። ፓርኪንሰንን የሚያጠፋ መድኃኒት እስካሁን የለም፤ ግን እጅን የሚያረጋጋ፣ እርምጃን የሚመልስ ሕክምና አለ። አንዳንዴ ደግሞ መርሳቱ የሚመጣው ከታይሮይድ ወይም ከቫይታሚን ቢ12 እጥረት ይሆንና ይታከማል። ያንን የሚለየው ምርመራ ነው።

📌 ባጭሩ፦ ቡና የምትወዱ ከሆነ በልኩ ጠጡ፤ ለፓርኪንሰን ጥሩ ምልክት አለ፣ ለአልዛይመር ገና አልጠራም። የማትጠጡ ከሆነ በዚህ ምክንያት ብቻ አትጀምሩ። መድኃኒት የሚወስድ ሰው ደግሞ ሐኪሙን ሳይጠይቅ ምንም አይቀይር።

"ቡና አልዛይመርን ያጠፋል" የሚል ፖስት ለላከላችሁ ሰው ይህን ላኩለት። እናንተ በቀን ስንት ስኒ ትጠጣላችሁ? የመጨረሻውስ በስንት ሰዓት ነው? ኮመንት ላይ ጻፉልን 👇

#ጤና #ቡና #ፓርኪንሰን #አልዛይመር