ወቅትን የተከተለው የአየርላንድ ባህላዊ አመጋገብ

አየርላንዳውያን ድንችን ከማወቃቸው በፊት በበጋ ወተት፣ ቅቤና አይብ፣ በክረምት ደግሞ የአጃ ገንፎና በጨው የቆየ የአሳማ ሥጋ ይመገቡ ነበር።

በ16ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ የገባው ድንች ውሎ አድሮ ለድሃው አርሶ አደር ብቸኛ ቀለብ ለመሆን በቃ። ከድንች፣ ከጎመንና ከቅቤ የሚሰናዳው ኮልካነን በመከር ማብቂያ፣ በሃሎዊን ምሽት ዛሬም ይበላል። አሮጌው ድንች አልቆ አዲሱ እስኪደርስ ያሉት የበጋ ወራት ግን ለድሃው በየዓመቱ የችግር ጊዜ ነበሩ።

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1845 የድንች በሽታ በመከሰቱ፣ እስከ 1852 በዘለቀው ረሃብና ወረርሽኝ 1 ሚሊዮን ያህል ሕዝብ አልቋል። አሳዛኙ ነገር፣ በነዚያው ዓመታት እህልና የቁም ከብት ከአየርላንድ ወደቦች ወደ ብሪታንያ መጫኑ አለመቋረጡ ነው።