የአቋራጩ መስመር ታሪክ፦ ከአስዋን ጥላ እስከ ንፋስ ስልክ ላፍቶ

ሁለት ትይዩ መስመሮችን ሦስተኛ መስመር ሲያቋርጣቸው ስለሚፈጠሩት ማዕዘኖች የሚናገረው ሕግ፣ በትምህርት ቤት ከሚሰጡት የጂኦሜትሪ ትምህርቶች መካከል ቀላል ከሚባሉት አንዱ በመሆኑ፣ ብዙ ተማሪ ፈተናውን ካለፈ በኋላ ዳግመኛ አያነሣውም። ይሁንና የዚህ ሕግ ታሪክ ከዓባይ ሸለቆ ጋር የተሳሰረ ነው። የመሬት ዙሪያ አሳማኝ በሆነ ስሌት የታወቀው በዚህ ሕግ ሲሆን፣ የጥንት ግሪኮች ኢትዮጵያ ብለው በሚጠሩት ምድር የታየ የቀትር ጥላም በታሪኩ ውስጥ ስፍራ አለው፤ ዛሬም በደቡብ አዲስ አበባ፣ በንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ፣ የአንድ ይዞታ ወሰን ሲለካ ቀያሹ የሚተማመነው በዚሁ ሕግ ነው።

ትይዩ የሚባሉት በአንድ ጠፍጣፋ ገጽ ላይ ሆነው የቱንም ያህል ቢራዘሙ የማይገናኙ መስመሮች ናቸው። በክፍለ ከተማው፣ ለቡ ላይ፣ መስከረም 25 ቀን 2009 ዓ.ም. የተመረቀው የኢትዮ-ጅቡቲ የምድር ባቡር ጣቢያ ይገኛል፤ እዚያ የተዘረጋው ሐዲድ ቀጥ ባለው ክፍሉ ሁለቱ ብረቶች 1,435 ሚሊ ሜትር ያህል ተራርቀው ጎን ለጎን ስለሚጓዙ ለትይዩ መስመሮች ጥሩ ማሳያ ነው። በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ የደረሰው የቀድሞው ባቡር ሐዲድ ግን ስፋቱ 1,000 ሚሊ ሜትር ነበር። በሐዲዱ ላይ ቀጥ ያለ ዘንግ አግድሞሽ ቢጋደም፣ ዘንጉ ሁለቱን ብረቶች በሚነካባቸው ሁለት ቦታዎች አራት አራት፣ በድምሩ ስምንት ማዕዘኖች ይፈጠራሉ። አቋራጭ መስመር የሚባለው ይህን የመሰለው ነው።

ከስምንቱ ማዕዘኖች የአንዱ መጠን ብቻ ከታወቀ የሰባቱን ለማወቅ ተጨማሪ ልኬት አያስፈልግም። አንዱ 70 ዲግሪ ቢሆን የቀሩት 70 ወይም 110 ዲግሪ ከመሆን አያልፉም። በሁለቱ መጋጠሚያዎች ላይ በአንድ ዓይነት አቀማመጥ የሚገኙት ተጓዳኝ ማዕዘኖች እኩል ናቸው፤ በትይዩዎቹ መካከል ሆነው ከአቋራጩ በግራና በቀኝ ተለዋውጠው የሚቀመጡት ተለዋጭ የውስጥ ማዕዘኖችም እንዲሁ እኩል ናቸው፤ በአቋራጩ አንድ ወገን የሚገኙት ሁለቱ የውስጥ ማዕዘኖች ደግሞ ሲደመሩ 180 ዲግሪ ይሆናሉ።

እነዚህን እውነቶች በሥርዓት አደራጅቶ በማስረጃ ያረጋገጠው፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ300 ዓመት ገደማ በእስክንድርያ ያስተማረው ዩክሊድ ነው። 13 መጻሕፍት ባሉት ታላቅ ሥራው፣ በመጀመሪያው መጽሐፍ 27ኛና 28ኛ ዐረፍተ ሐሳቦች፣ ማዕዘኖቹ ከላይ እንደተገለጸው ከሆኑ መስመሮቹ ትይዩ መሆናቸውን አስረዳ። በ29ኛው ደግሞ ነገሩን ገልብጦ፣ መስመሮቹ ትይዩ ከሆኑ ማዕዘኖቹ የግድ እንደዚያ እንደሚሆኑ አረጋገጠ። ለዚህ የመጨረሻው ማስረጃ ግን፣ በአንድ ወገን ያሉት የውስጥ ማዕዘኖች ድምር ከ180 ዲግሪ ካነሰ መስመሮቹ በዚያው ወገን ሲራዘሙ ይገናኛሉ የሚለውን አምስተኛ መነሻ ሐሳቡን ያለ ማስረጃ መቀበል ነበረበት፤ ሊቃውንትም ከ2,000 ዓመታት በላይ ሲከራከሩበት የኖሩት በዚህ ሐሳብ ላይ ነው።

ጉድጓድ፣ ዘንግና ጥላ

ከዩክሊድ በኋላ አንድ ምዕተ ዓመት ሳይሞላ፣ የእስክንድርያ ቤተ መጻሕፍት ኃላፊ የነበረው ኤራቶስቴንስ ይህን ሕግ ከሸክላና ከአሸዋ ላይ ሥዕል አውጥቶ ምድርን ለመለካት ተጠቀመበት። ዛሬ ሊቢያ በምትባለው አገር፣ በቀሬና የተወለደው ይህ ሊቅ፣ ሲየኔ በተባለችው በአሁኗ አስዋን፣ ፀሐይ ወደ ሰሜን ርቃ በምትደርስበት ቀን፣ በእኛ አቆጣጠር ሰኔ 14 ገደማ፣ በቀትር ጥላ እንደማይኖርና ብርሃኗም ጥልቅ ጉድጓድ ድረስ እንደሚዘልቅ ያውቅ ነበር። በዚያው ሰዓት በእስክንድርያ የቆመ ዘንግ ግን ጥላ ይጥል ነበር፤ በጨረሩና በዘንጉ መካከል ያለው ማዕዘንም የአንድ ሙሉ ክብ ሃምሳኛ እጅ፣ ማለትም 7.2 ዲግሪ ሆኖ ተገኘ።

የስሌቱ ብልሃት በሚከተለው ላይ ያረፈ ነው። ፀሐይ እጅግ ሩቅ ስለሆነች በሁለቱ ከተሞች ላይ የሚያርፉት ጨረሮች እንደ ትይዩ መስመሮች ይወሰዳሉ። የሲየኔው ጨረር በሐሳብ ወደታች ቢራዘም የመሬትን እምብርት ያገኛል፤ የእስክንድርያው ዘንግም ወደታች ቢራዘም እዚያው ይደርሳል። ስለዚህ ዘንጉ ሁለቱን ጨረሮች የሚቆርጥ አቋራጭ መስመር ይሆናል፣ በዘንጉ ጫፍ የተለካው ማዕዘንና በመሬት እምብርት ያለው ማዕዘንም ተለዋጭ የውስጥ ማዕዘኖች በመሆናቸው እኩል ናቸው። ማንም ሊደርስበት የማይችለው የመሬት ውስጥ ማዕዘን በዚህ መንገድ አደባባይ ላይ ተለካ። በሁለቱ ከተሞች መካከል ያለው ርቀት 5,000 ስታዲዮን በመሆኑ፣ ይህ በ50 ሲባዛ የመሬት ዙሪያ 250,000 ስታዲዮን ሆነ፤ በኋላም ቁጥሩ ወደ 252,000 ከፍ ተደርጓል። ስታዲዮን በዘመኑ የሩጫ ሜዳ ርዝመት ላይ የተመሠረተ መለኪያ ነው።

ልኬቱ እንከን አልነበረውም ማለት አይደለም፤ አስዋን ከእስክንድርያ በትክክል ወደ ደቡብ ሳትሆን 3 ዲግሪ ያህል ወደ ምሥራቅ ያጋደለች ናት፣ ፀሐይም በትክክል አናቷ ላይ አትደርስም። ሆኖም ሐሳቡ ትክክል ስለነበር ስህተቶቹ ውጤቱን አላፈረሱትም።

የኤራቶስቴንስ ትኩረት በአስዋን አላበቃም። ከሲየኔ በስተደቡብ ያለችውን የሜሮዌን ከተማ በእስክንድርያና በሲየኔ በኩል በሚያልፈው መስመር ላይ አስቀምጧታል፣ ስለ ዓባይ ገባሮችም ጽፏል፤ አስታቦራስ ያለው ወንዝ የተከዜ ታችኛው ክፍል የሆነው አትባራ ነው። የጂኦግራፊ ጸሐፊው ስትራቦን እንደመዘገበው፣ ግሪኮች ኢትዮጵያ ወደሚሉት ምድር ተጉዞ የነበረው ፊሎን የተባለ ሰው፣ በሜሮዌ ፀሐይ ወደ ሰሜን ርቃ ከምትደርስበት ቀን 45 ቀናት ቀደም ብላ አናት ላይ እንደምትውል ጽፎ ነበር፤ ኤራቶስቴንስም ከእርሱ ጋር ተስማምቷል። የዛሬው ዘመን ስሌትም ከዚህ ቁጥር ጋር በአንድ ቀን ልዩነት ይገጥማል። አዲስ አበባ ከሜሮዌ ይልቅ ወደ ምድር ወገብ የቀረበች ስለሆነች፣ ፀሐይ አናቷ ላይ የምትውለው ከሰኔ 14 ቀን 69 ቀናት ያህል ቀድማ፣ ሚያዝያ 5 ገደማ ነው። ስትመለስም ነሐሴ 24 ገደማ ዳግመኛ ታልፍባታለች፤ በሁለቱ ቀናት መካከል የቀትር ጥላ ወደ ደቡብ ይወድቃል።

ከጥላ ወደ ካርታ

በኢትዮጵያ የቤተ ክርስቲያን ሊቃውንት ዘንድ ጥላን በእግር እየለኩ ሰዓትን ማወቅ የቆየ ልማድ ሲሆን፣ በየወሩ የሚለዋወጠውን የጥላ ርዝመት የሚያሳዩ ሰንጠረዦች በግእዝ የብራና መጻሕፍት ይገኛሉ፤ የሒሳብ ታሪክ ተመራማሪው ኦቶ ኖይገባወር እ.ኤ.አ. በ1979 ባሳተመው የኢትዮጵያን የከዋክብትና የዘመን ቆጠራ ዕውቀት በሚመለከት መጽሐፍ አጥንቷቸዋል። ማዕዘንን በመሣሪያ እየለኩ የአገሪቱን ተራሮች በካርታ ላይ የማስፈሩን ሥራ በሰፊው የጀመረው ግን እ.ኤ.አ. ከ1838 ጀምሮ ለአሥር ዓመታት ያህል በኢትዮጵያ የቆየው ፈረንሳዊው አንቷን ዳባዲ ነው። ከአንዱ ከፍታ ወደ ሌላው እየተመለከተ የሠራቸውን የሦስት ማዕዘን ስሌቶች እ.ኤ.አ. ከ1860 እስከ 1873 በፓሪስ አሳትሟል።

የሦስት ማዕዘን የውስጥ ማዕዘኖች ድምር 180 ዲግሪ መሆኑ ራሱ የአቋራጩ መስመር ልጅ ነው። በሦስት ማዕዘኑ ጫፍ ላይ ከመሠረቱ ጋር ትይዩ የሆነ መስመር ቢሰመር፣ ሁለቱ ጎኖች አቋራጮች ይሆናሉ፣ የመሠረቱ ሁለት ማዕዘኖችም በተለዋጭነት ወደ ጫፉ ተዛውረው ከሦስተኛው ጋር ቀጥ ያለ መስመር ይሞላሉ።

እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጨረሻ በአሜሪካ ድጋፍ የዓባይ ተፋሰስ ሲጠና፣ በእንዲህ ያሉ ሦስት ማዕዘኖች የተሠራው የኢትዮጵያ የልኬት መረብ በሱዳን በኩል ከመጣው መረብ ጋር ተያያዘ። የዚህ መረብ መነሻ ነጥብ በግብፅና በሱዳን ድንበር አካባቢ፣ ከአስዋን በስተደቡብ 2 ዲግሪ ያህል ወርዶ የሚገኘው አዲንዳን ነው። የኢትዮጵያ ካርታዎች ለረጅም ዘመን ስማቸውን ሲያያይዙ የኖሩት ከዚህ ኤራቶስቴንስ በመረጠው ሸለቆ ውስጥ ካለ ቦታ ጋር ነው።

በቀያሹ እጅ

በንፋስ ስልክ ላፍቶ ወሰን የሚለካ ቀያሽ ከአንዱ ምልክት ወደ ሌላው ያለውን አቅጣጫ የሚገልጸው ከሰሜን መስመር ተነሥቶ በሰዓት ቆጣሪ ዙረት በሚለካ ማዕዘን ነው፤ በሙያው ቤሪንግ ይባላል። የመጀመሪያው ምልክት ሰሜንና የሁለተኛው ምልክት ሰሜን ሁለት ትይዩ መስመሮች ሲሆኑ፣ በምልክቶቹ መካከል ያለው የእይታ መስመር አቋራጭ ነው። ወደፊት የተነበበው ቤሪንግ 70 ዲግሪ ከሆነ፣ ከሁለተኛው ምልክት ወደኋላ ሲነበብ 250 ዲግሪ መሆን አለበት፤ ምክንያቱም በሁለተኛው ምልክት በደቡብ መስመርና በእይታው መካከል ያለው ማዕዘን ተለዋጭ በመሆኑ እንደገና 70 ነው፣ በላዩም 180 ይደመራል። ንባቡ 250 ካልሆነ መሣሪያው ወይም አያያዙ ተሳስቷል። እንዲሁም የአራት ማዕዘን ይዞታ የውስጥ ማዕዘኖች ድምር 360 ዲግሪ ካልመጣ፣ ከመቀጠል በፊት እንደገና መለካት ግድ ይላል።

በእርግጥ መሬት ክብ በመሆኗ የሰሜን መስመሮች ዋልታው ላይ ይገናኛሉ፤ ስለዚህ በጥብቅ ከተነገረ ትይዩ አይደሉም። ሩሲያዊው ሎባቼቭስኪ እ.ኤ.አ. በ1829፣ ሃንጋሪያዊው ቦያይ ደግሞ በ1832 አምስተኛው መነሻ ሐሳብ የማይሠራበት ጂኦሜትሪ ሊኖር እንደሚችል አሳይተዋል። ቀያሾች ግን የሰሜን መስመሮች መገናኘት የሚያመጣውን ችግር የሚያልፉት መሬትን በጠባብ ቁራጮች ከፍሎ በእያንዳንዱ ላይ ትይዩ መስመሮችን በሚዘረጋ የካርታ ሥርዓት ነው። አዲስ አበባ የምትገኝበት 37ኛ ቁራጭ መካከለኛ መስመሩ በ39 ዲግሪ ምሥራቅ ኬንትሮስ ላይ ስለሆነና ከተማዋ ለዚህ መስመር በጣም ስለምትቀርብ፣ በካርታው ሰሜንና በእውነተኛው ሰሜን መካከል ያለው ልዩነት ከ1 ዲግሪ ሃያኛ እጅ ያነሰ ነው።

የኤራቶስቴንስን ልኬት በኢትዮጵያ ምድር መድገም ብዙ ወጪ አይጠይቅም። ሚያዝያ 5 ቀን፣ ከቀኑ 6 ሰዓት ከ25 ገደማ፣ በንፋስ ስልክ ላፍቶ የቆመ ዘንግ ጥላ የለውም ማለት ይቻላል፤ በዚያው ቀን ቀትር በመቀሌ የቆመ የ1 ሜትር ዘንግ ግን ወደ ሰሜን 8 ሴንቲ ሜትር ያህል ጥላ ይጥላል፣ ይህም 4 ዲግሪ ተኩል ገደማ ነው። በሁለቱ ከተሞች መካከል ወደ ሰሜን ያለው ቀጥተኛ ርቀት 500 ኪሎ ሜትር ያህል በመሆኑና 4 ዲግሪ ተኩል የሙሉ ክብ ሰማንያኛ እጅ በመሆኑ፣ የመሬት ዙሪያ 40,000 ኪሎ ሜትር ይወጣል። የግማሽ ሴንቲ ሜትር የንባብ ስህተት ውጤቱን በ2,500 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሚያዛባ ረዘም ያለ ዘንግ መጠቀም ይበጃል። ነሐሴ 24 ደመናማና ትምህርት ቤት የሚዘጋበት ወቅት ነው፤ ሚያዝያ 5 ግን ለዚህ የተመቸ ነውና የሁለቱ ከተሞች የሒሳብ መምህራን ቀኑን በመርሐ ግብራቸው ቢያስገቡት፣ ተማሪዎቻቸው በሰሌዳ ላይ ብቻ የሚያውቁትን ሕግ በገዛ እጃቸው ሊያረጋግጡት ይችላሉ።