ደጋፊ ሲጮህ ቢሮው ይሰማል ወይ?

ባለፈው ሰሞን ክፍል ውስጥ አንዱ ተማሪዬ «ቲቸር፣ እኛ ፌስቡክ ላይ ስንጮህ ፌዴሬሽኑ ይሰማናል ወይስ ዝም ብለን ፓኬጅ ነው የምንጨርሰው?» ብሎ ጠየቀኝ። ክፍሉ በሳቅ አለቀ። እኔም ሳቅኩ። ጥያቄው ግን የታሪክ ጥያቄ ነው፤ መርካቶ ውስጥ የሚያስተምር ሰው ደግሞ ከዚህ ጥያቄ አያመልጥም። እዚህ ሰፈር ከሱቅ ሱቅ ሬዲዮው የሚያወራው ስፖርት ነው፤ ባለሱቁም፣ ደላላውም፣ ተሸካሚውም ሁሉም አሰልጣኝ ነው። ስለዚህ መልሱን ትንሽ ረዘም አድርጌ ልጻፈው።

ከራሳችን ሰፈር ልጀምር። መርካቶ የሚባል ነገር ከመኖሩ በፊት የአዲስ አበባ ትልቁ ገበያ አራዳ ነበር፣ ከቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ግርጌ። በ1928 ዓ.ም አየለ አትናሽና ጆርጅ ዱካስ ከጓደኞቻቸው ጋር ሆነው የእግር ኳስ ቡድን መሠረቱና ቅዱስ ጊዮርጊስ አሉት። በዚያው ዓመት ሚያዝያ 27 የጣልያን ጦር አዲስ አበባ ገባ። ጣልያኖቹ ከተማዋን ለነጭና ለጥቁር ሲከፋፍሉ አራዳን ለራሳቸው ያዙና ፒያሳ አሏት፤ ገበያውን ደግሞ ወደ ምዕራብ ገፍተው «መርካቶ ኢንዲጄኖ»፣ የአገሬው ሰው ገበያ፣ አሉት። ዛሬ ቆመን የምንገበያይበት ቦታ ማለት ነው። የዚያ ዘመን ቢሮ ገበያተኛውን አማክሮ አልነበረም ያዛወረው።

ኳሱም አልተረፈም። ቡድኑ «ሊቶሪዮ ውቤ ሰፈር» እንዲባል ተደረገ። ሊቶሪዮ የፋሺስቱ ፓርቲ ምልክት ከሆነው የዘንግ እስር የመጣ ቃል ነው። እስቲ አስቡት፣ የአራዳ ልጅ በፋሺስት ምልክት ስም ኳስ ሲጫወት! ነፃነት ተመልሶ በ1936 ዓ.ም የመጀመሪያው ሻምፒዮና ሲካሄድ አምስት ቡድኖች ገቡ፦ የጣልያኖቹ ፎርቲቱዶ፣ የአርመኖቹ አራራት፣ የግሪኮቹ ኦሎምፒያኮስ፣ የእንግሊዝ ወታደራዊ ሚሲዮን ቡድን፣ እና የኢትዮጵያውያኑ ጊዮርጊስ። በገዛ ስሙ። (ዋንጫውን የወሰዱት እንግሊዞቹ ናቸው፤ እሱን የጊዮርጊስ ደጋፊ እንዳላየ ይለፈው።)

ከዚያ ደርግ መጣ። ክለቦች በመሥሪያ ቤትና በፋብሪካ ሲዋቀሩ ጊዮርጊስ እንደገና ስሙን ተነጠቀና «ቢራ» ሆነ። በ1970ዎቹ መጨረሻ የአገሪቱ ሻምፒዮን ሲሆን መዝገቡ ላይ የተጻፈው የፋብሪካው ስም ነው። ደርግ ሲወድቅ ግን «ጊዮርጊስ» ተመለሰ። ሁለት መንግሥት ስሙን ቀየረ፣ ሁለቱም ጊዜ ስሙ ተመለሰ። በወረቀት የሌለ ስም እንዲመለስ በአፉ ይዞ የሚያቆየው ሰው ያስፈልጋል፤ ያ ሰው ደጋፊው ነው። ግን እኮ ሌላውንም ጎን እንይ፤ ጣልያንን ያስወጣው የኳስ ደጋፊ አይደለም፣ ደርግንም የጣለው የካታንጋ ጩኸት አይደለም። ደጋፊው ነገሩን ጠብቆ አቆየ እንጂ ውሳኔውን አልወሰነም። ይህን ልዩነት ያዙልኝ።

አሁን ወደ እናንተ ዘመን። ነሐሴ 2008፣ ሪዮ ኦሊምፒክ። ያኔ ፌስቡክ የያዘው ሰው ሁሉ ያስታውሳል። አልማዝ አያና በ10 ሺህ ሜትር 29:17.45 ሮጣ የዓለም ክብረ ወሰን ሰበረች፣ ወርቅ አመጣች። ከዚያ በኋላ ሌላ ወርቅ ጠበቅን፣ ጠበቅን፣ አልመጣም። ለንደን ላይ ሦስት ወርቅ ይዞ የተመለሰ አገር በአንድ ወርቅ ሲመለስ ሕዝቡ ጨሰ። በዚህ መሐል የዋናተኛው የሮቤል ኪሮስ ነገር ተጨመረ። በመክፈቻው ባንዲራ የያዘው እሱ ነበር፤ በ100 ሜትር ነፃ ዋና ማጣሪያ ከ59 ተወዳዳሪ መጨረሻ ወጣ። አባቱ ደግሞ የዋና ፌዴሬሽኑ ፕሬዚዳንት ነበሩ። በቃ፣ እሳቱ ተያያዘ።

እዚህ ላይ ቆም ልበል፣ ምክንያቱም የተማሪዬ ጥያቄ ግማሽ መልስ እዚህ አለ። ያኔ የተጻፈውን ብዛት ብትቆጥሩት አብዛኛው ያረፈው በማን ላይ ነው? በልጁ ላይ። በሰውነቱ፣ በሆዱ፣ በፎቶው። የውጭ ሚዲያ «ዓሣ ነባሪ» አለው፣ እኛም ተቀብለን አዛመትነው። እሱ የ24 ዓመት ወጣት ነው፤ ዋናተኛ ለማብቃት ለተቸገሩ አገሮች በሚሰጥ የልዩ ዕድል ቦታ ተልኮ ሄደ። የላከው አካል ቢሮ አለው፣ ስብሰባ አለው፣ ቃለ ጉባኤ አለው። «ማን መረጠው? በምን መስፈርት? ሌሎች ተወዳድረው ነበር ወይ?» ብሎ የጠየቀ ሰው ጥቂት ነበር። ጩኸታችን በሩን አልፎ ሲገባ ያገኘው ሥልጣን የሌለውን ሰው ነው። ቢሮው እንዲህ ያለውን ጩኸት አይፈራም፤ እንዲያውም ይመቸዋል።

ያም ሆኖ የሪዮ ቁጣ ከንቱ ቀረ ማለት አይቻልም። በጥቅምት 2009 የአትሌቲክስ ፌዴሬሽኑ ጠቅላላ ጉባኤ ተሰበሰበ፣ አዲስ አበባ ኃይሌ ገብረ ሥላሴን ዕጩ አድርጋ አቀረበች፣ ተመረጠ። ከዚያ በፊት በዚያ ወንበር ሯጭ የማየት ልማድ አልነበረንም። ከእሱ በኋላ ደራርቱ ቱሉ፣ በ2017 ደግሞ ስለሺ ስህን። ከሪዮ ወዲህ ወንበሩ ከሯጭ እጅ አልወጣም። ይህ ቀላል ለውጥ አይደለም።

ታዲያ ያን ለውጥ ያመጣው ፌስቡክ ነው? በእኔ አስተያየት ብቻውን አይደለም። ጉባኤው ውስጥ ድምፅ የሚሰጡት የክልሎችና የከተማ አስተዳደሮች ተወካዮች ናቸው፤ ሁሉም እኔ በማስተምርበት ክፍል ውስጥ ተቀምጠው ወንበር ይተርፋል። ሚሊዮን ሰው ላይክ ያደርጋል፣ የሚመርጡት እነሱ ናቸው። የሪዮ ቁጣ የሠራው ከሌላ ነገር ጋር ስለገጠመ ነው፦ አትሌቶቹ ራሳቸው ተናገሩ፣ ስሙ ማንም ሊገፋው የማይችል ሰው ለመወዳደር ፈቃደኛ ሆነ፣ አንድ መራጭ አካልም ዕጩ አድርጎ አቀረበው። ከሦስቱ አንዱ ቢጎድል ኖሮ እንደ ሌላው ጊዜ በሳምንቱ ይረሳ ነበር። ተቃራኒውን ማየት ለሚፈልግ 2000 ዓ.ም አለ። የእግር ኳስ ፌዴሬሽኑ ጠቅላላ ጉባኤ ፕሬዚዳንቱን ዶክተር አሸብር ወልደ ጊዮርጊስን አወረደ፣ ፊፋ አልተቀበለውም፣ በሐምሌ አገሪቱ ታገደች፣ ከ2010ሩ የዓለም ዋንጫ ማጣሪያም ተሰረዝን። ያ ሁሉ ሲሆን ስታዲየም ገብቶ የሚጮኸውን ሰው አስተያየት የጠየቀ የለም። ቢሮ ከቢሮ ተጣላ፣ ጨዋታ የቀረበት ግን ደጋፊው ነው።

የመርካቶ ሰው ይህን ነገር ከእኔ በላይ ያውቀዋል። ሱቅ ገብተህ «ተወደደ! ዘረፋ ነው!» እያልክ ብትጮህ ነጋዴው ሻዩን ይጠጣል። ዞር ብለህ መሄድ ስትጀምር ነው «ና እስቲ፣ ስንት ትላለህ?» የሚልህ። ዋጋ የሚቀንሰው የገዢው ጀርባ ነው።

ውጭ አገር ደጋፊ አሸነፈ የምንለውም እንደዚሁ ነው። አሜሪካ ውስጥ ቴነሲ ዩኒቨርሲቲ በ2017 እ.ኤ.አ ግሬግ ሺያኖ የሚባል የእግር ኳስ አሰልጣኝ (የእነሱን ኳስ ማለቴ ነው) ሊቀጥር መሆኑ እሑድ ቀን ተሰማ፤ ደጋፊው በማኅበራዊ ሚዲያ ተነሣ፣ የግዛቱ ምክር ቤት አባላትም ተቃወሙ፣ እሑድ ማታ ውሉ ቀረ። በዚያው ሳምንት የስፖርት ክፍሉ ኃላፊም ተባረረ። እዚያ የዩኒቨርሲቲው ስፖርት የሚኖረው በትኬትና በለጋሽ ብር ስለሆነ ደጋፊው ዞር የሚልበት ጀርባ አለው። የአውሮፓ ሱፐር ሊግንም አትርሱ። በ2013 ሚያዝያ እሑድ ሌሊት ታወጀ፣ ማክሰኞ ማታ ስድስቱም የእንግሊዝ ክለቦች ወጡ። የቼልሲ ደጋፊ በስታዲየሙ በር ላይ ቆሞ አውቶቡስ አገደ፣ የእንግሊዝ መንግሥትም በሕግ እንከላከላለን አለ። እኛም ከዚህ ሆነን ጮኸናል፣ ግን እውነቱን እንነጋገር፤ የኛን ጩኸት ማንም አልቆጠረውም። ከቦምብ ተራ የተገዛ ማልያ ለአርሰናል ገቢ አይሆንም።

የኛ ደጋፊ ጀርባው የት ነበር? ስታዲየም በር ላይ። አዲስ አበባ ስታዲየም ጊዮርጊስና ቡና ሲገናኙ በሌሊት የሚሰለፈው ሰው የትኬት ገንዘብ ብቻ አልነበረም ይዞ የሚመጣው፤ የክለብ ኃላፊ በክብር ትሪቡን ተቀምጦ የደጋፊውን ፊት ማየት ግድ ይሆንበት ነበር። ከዚያ ያ በር ተዘጋ። ሊጉ በቴሌቪዥን መተላለፉ መልካም ነው፣ ግን ክለቦች በአንድ ከተማ ተሰብስበው ሲጫወቱ ደጋፊው ከቡድኑ ተለየ። ስታዲየሞቻችን የካፍን መስፈርት ስላላሟሉ ብሔራዊ ቡድኑም በሰው አገር «ሜዳዬ» እያለ ይጫወት ነበር። በሰኔ 2014 ግብፅን 2 ለ 0 ያሸነፍነው የት ነው? ሊሎንግዌ፣ ማላዊ። እንዲህ ያለ ቀን አዲስ አበባ ስታዲየም ሆኖ ቢሆን ኖሮ! ደጋፊው ወደ ስልኩ የገባው ፈልጎ ብቻ አይደለም፤ ሌላ መግቢያ ስላጣ ነው።

አንድ ነገር ልጨምርና ላብቃ፤ ቢሮው የማይሰማን ጊዜ ሁሉ ቢሮው ተሳስቷል ማለት አይደለም። በዚያው በሪዮ ዓመት ቀነኒሳ በቀለ ለንደን ማራቶን ሦስተኛ ወጥቶ ከቡድኑ ሲቀር እሱም ቅሬታውን በይፋ ተናገረ፣ እኛም አበድን። ፌዴሬሽኑ ንቅንቅ አላለም። የላካቸው ተስፋዬ አበራ፣ ለሚ ብርሃኑና ፈይሳ ሌሊሳ ናቸው፤ ሦስቱም በዚያ ዓመት ትልልቅ ማራቶን ያሸነፉ። ፈይሳ ብር አመጣ (እጆቹን አጣምሮ መስመሩን ያለፈበት ታሪክ ራሱን የቻለ ጽሑፍ ይፈልጋል)። ከወር በኋላ ደግሞ ቀነኒሳ በርሊን ላይ 2:03:03 ሮጠ። ታዲያ ማን ነበር ትክክል? እኔ እስከ ዛሬ አልወሰንኩም። ፓሪስ ላይ ደግሞ ቀነኒሳ በለንደን ሁለተኛነቱ ተመረጠ፣ ደስ አለን፤ 39ኛ ወጣ። ወርቁን በ2:06:26፣ በኦሊምፒክ ክብረ ወሰን ያመጣው ታምራት ቶላ ነው። ታምራት በመጀመሪያው ዝርዝር ተጠባባቂ ነበር፤ የገባው ሲሳይ ለማ ስለተጎዳ ነው። ስለ ታምራት መቅረት የጮኸ ሰው እኔ ገጽ ላይ አላየሁም።

በነገራችን ላይ በ«ቢራ» ዘመን ስታዲየም ትገቡ የነበራችሁ አባቶችና ታላላቆች እዚህ ካላችሁ እስቲ ጻፉልኝ። ያኔ ሜዳ ላይ ስትደግፉ በየትኛው ስም ነበር የምትጮኹት? በመዝገቡ ስም ወይስ በድሮው? ለልጆቹ ክፍል ውስጥ ላነብላቸው ነው።