ከፓሪስ ማተሚያ እስከ ደባርቅ ገበያ

መሐንዲስ አዲስ ነገር ሲያቅድ አስቀድሞ ናሙና ያቀርባል፤ ናሙናው ተፈትኖ ካላለፈም ወደ ሥራ አይገባም። በገንዘብም ዘንድ ልማዱ ያው ነው። ፈረንሳውያን አዲስ ሳንቲም ከማውጣታቸው በፊት «ኤሴ»፣ ማለትም «ሙከራ»፣ የሚል ቃል የተቀረጸባቸው ጥቂት ቅጂዎች ያትማሉ። በ1848 እ.ኤ.አ. የሪፐብሊኩ መንግሥት ባወጣው ውድድር ለ20 ፍራንክ የወርቅ ሳንቲም የመርሌ ሥራ ሲመረጥ፣ የሌሎቹ ተወዳዳሪዎች ሥራ ሙከራ ብቻ ሆኖ ቀረ። የዛሬ ሰብሳቢዎች ከሁሉ አብልጠው የሚሹት እንዲህ ያለውን፣ ይልቁንም በወርቅ የታተመውን ነው።

ከዚሁ ከፓሪስ ማተሚያ ቤት የእኛም ገንዘብ ወጥቷል። ዳግማዊ አፄ ምኒልክ በ1885 ዓ.ም. ስለ አዲሱ ገንዘብ አዋጅ አስነገሩ፤ በአንድ ገጹ ምስላቸው፣ በሌላው አንበሳ ያለበት ብርም የ1887 ዓ.ም. ቁጥር ይዞ ታተመ። ክብደቱ 28 ግራም ያህል ሲሆን፣ ከሺህ 835 እጁ ንጹሕ ብር ነበር። ማርያ ትሬዛ በክብደት ትስተካከለዋለች፤ ንጽሕናዋም ከሺህ 833 ነው። እንግዲህ በሚዛን ረገድ ናሙናው እንከን አልነበረውም።

የገበያው ፈተና ግን ሌላ ነበር። ከምጽዋ ተነሥቶ በአድዋ በኩል ተከዜን የሚሻገረው የነጋዴ መንገድ ሊማሊሞን ወጥቶ በደባርቅና በዳባት ወደ ጎንደር ይዘልቅ ነበር። ጠገራውም ሆነ አሞሌው በዚህ መንገድ ይመጣ ስለ ነበር፣ ገበያተኛው የንግሥቲቱን ጌጥ ዕንቁ እየቆጠረ ገንዘቡን መለየት ከለመደ ቆይቷል። በሰሜኑ ደጋ አዲሱ ብር የቆየውን እምነት ሊተካ አልቻለም። የሚያስገርመው፣ በ20ኛው ክፍለ ዘመን ሮም፣ ለንደንና ራሱ የፓሪስ ማተሚያ ቤት የ1780ን ቁጥር እየቀረጹ ማርያ ትሬዛን ማተማቸው ነው። ጠገራ ከሕጋዊ ገንዘብነት ቦታው የተነሣው በ1937 ዓ.ም. የገንዘብ አዋጅ ነው።

ለመንገድ ጥናት ደባርቅ በነበርኩበት ጊዜ አንዲት እናት ከአያታቸው የወረሱትን ጠገራ ከአንገታቸው አውጥተው አሳዩኝ። ፊቱ ተፍቆ ዕንቁዎቹ አይቆጠሩም። ሌላውን ጠገራ አንጥረኛ አቅልጦ መስቀል እንዳደረገላቸውም ነገሩኝ። በመስታወት ሣጥን የሚኖረው የወርቅ ሙከራ የሠሪውን ሐሳብ ያስረዳል፤ ሕዝብ የተቀበለውንና ያልተቀበለውን የሚያስረዳው ግን እንዲህ ያለው የተፋቀ ብር ነው። ስለሆነም በሰሜን ተራሮች ግርጌ የምንሠራ ባልደረቦች፣ ሳንቲሙን ከባለቤቱ ሳንወስድ፣ ክብደቱን፣ ቁጥሩንና ታሪኩን በመዝገብ ብናሰፍር ከመቅለጥ የማይመለሰውን ማስረጃ ልናተርፍ እንችላለን።