ቁልፉ ማን ጋ ነው?

በመጽሐፍ ቅዱስ ስለ ውሰት ከሚተርኩ ክፍሎች አንዱ 2ኛ ነገሥት ምዕራፍ 6 ነው። ከነቢያት ልጆች አንዱ ዮርዳኖስ ዳር ዛፍ ሲቆርጥ የመጥረቢያው ብረት ወልቆ ውኃ ውስጥ ገባ። ሰውዬው የጮኸው ብረቱ ስለ ጠፋ ብቻ ሳይሆን ዕቃው የሰው ስለ ነበረ ነው። ይህን ክፍል ለወጣቶች ባስተማርሁ ቁጥር «ለአንዲት መጥረቢያ ተአምር ያስፈልግ ነበር ወይ?» የሚል አይጠፋም። ያዋሰው ዕቃ የጠፋበት ሰው ዳግመኛ እንደማያውስ የሚያውቅ ግን ነገሩን አያቃልለውም።

የአገራችን ቤተ መጻሕፍት ታሪክም እዚሁ ላይ የታሰረ ይመስለኛል። መጽሐፍ እንዳይጠፋ ይቆለፍበታል። የሚከፍት፣ የሚያውስና የሚያስመልስ ሰው ለመቅጠር ደግሞ በጀት የለም። በቦሌ፣ በገርጂ፣ በየካ ወይም በአያት የምትማሩ ወጣቶች «ቁልፉ ማን ጋ ነው?» እያላችሁ ከቢሮ ቢሮ ዞራችሁ ታውቁ ይሆናል። ጥያቄው ግን ከእናንተ በፊት የነበረ ነው።

በብራና ዘመን መጽሐፍ ማለት ሀብት ነበር። አንድ ወፍራም መጽሐፍ የብዙ በግና ፍየል ቆዳ ይፈጃል። ቆዳው ይወጠራል፣ ይፋቃል፣ ይደርቃል፤ ጸሐፊውም ቀለሙን በጥብጦ፣ መቃውን ቀርጾ ወራት ይቀመጥበታል። ስለዚህ በብዙ ብራናዎች ላይ መጽሐፉን የሰረቀውን ወይም የፋቀውን ሰው በጴጥሮስና በጳውሎስ ሥልጣን የሚያወግዝ ቃል እናገኛለን። መጽሐፉም የሚቀመጠው በዕቃ ቤት፣ ከመስቀሉና ከጽናጽሉ ጋር ነው። እኔ ውግዘቱን የጻፈውን ሰው አልነቅፈውም። ምትክ የሌለውን ነገር ሌላ በምን ይጠብቀው? ደግሞም ፍርሃቱ ባዶ አልነበረም። ዐፄ ቴዎድሮስ ከየአድባራቱ (አንዳንዱን በግድ) ሰብስበው መቅደላ ላይ ያከማቿቸውን መጻሕፍት በ1860 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር ዘርፏቸዋል፤ ወደ 350 የሚጠጉት ለንደን ገብተው ቀርተዋል። የሚገርመኝ ማተሚያ ቤት ከመጣ፣ አንድ መጽሐፍ በሺህ ቅጂ መታተም ከጀመረ በኋላም የዕቃ ቤቱ ልማድ አብሮን መኖሩ ነው።

ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ብሔራዊውን ቤተ መጻሕፍት የከፈቱት ከጣሊያን ወረራ በኋላ፣ በ1936 ዓ.ም. ነው። ሙሉ ስሙ «የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ወመዘክር» ነበር። ሕዝቡ ግን የስሙን ጭራ ብቻ ይዞ «ወመዘክር» አለው፤ ቤተ መጻሕፍት የሚለው ቃል ከአፋችን ወድቆ ቀረ። በዚያን ጊዜ የዛሬው ምሥራቅ አዲስ አበባ አብዛኛው እርሻና የግጦሽ መሬት ነበር። ከተማው ወደ ቦሌ የተሳበው ከአውሮፕላን ማረፊያው ጋር ነው፤ ገርጂ፣ ሲኤምሲ፣ ሰሚትና አያት የሞሉት ደግሞ ከዚያ ብዙ ቆይቶ ነው። የኮንዶሚኒየም ቤት ሙከራ በ1990ዎቹ መጨረሻ የተጀመረው እዚሁ ቦሌ ገርጂ ነበር። ለእነዚያ ሕንፃዎች ነዋሪው በግ የሚያርድበት፣ እንጀራ የሚጋግርበትና ልብስ የሚያጥብበት የጋራ መጠቀሚያ ቤት አብሮ ታቅዷል። በእውነት አስተዋይ ዕቅድ ነው፤ የሕዝቡን ኑሮ የሚያውቅ ሰው ያሰበው ነው። መጽሐፍ ግን ከዕለት ኑሮ አልተቆጠረም።

ንባብን ከዕለት ኑሮ ለመቁጠር የሞከሩም ነበሩ። የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን እ.ኤ.አ. በ1962 የየምሥራች ድምፅ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻን ጀምራ በየገጠሩ ፊደል አስቆጥራለች። ደርግ ደግሞ በሐምሌ 1971 ዓ.ም. ብሔራዊውን ዘመቻ አወጀ። ትምህርቱ በ15 ቋንቋዎች ይሰጥ ነበር፤ ዓለም አቀፍ ሽልማትም አስገኝቷል። እናቶቻችን ማታ ማታ ደብተራቸውን ይዘው የሄዱት ያን ጊዜ ነው። በየቦታው የንባብ ክፍሎችም ተከፍተው ነበር። አንባቢ ለማብዛት ዘመቻ በቂ ሊሆን ይችላል፤ ዘመቻ ግን ያልቃል። ፊደል የለየው ገበሬና የቤት እመቤት በሚቀጥለው ዓመት ምን ያንብብ? ለዚያ የተመደበ ገንዘብ አነስተኛ ነበር፤ በንባብ ክፍሎቹ የሚገኘውም ብዙውን ጊዜ የፓርቲ ጽሑፍ ነበር። ብዙ ሰው ፊደሉን መልሶ ረሳው።

ሰውን አንብብ ይል የነበረው ያው መንግሥት አብያተ ክርስቲያናትን ይዘጋ ነበር። የመሠረተ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን በጥር 1974 ዓ.ም. ስትዘጋ ሕንፃዎቿና ንብረቷ ተወረሱ፤ መሪዎቿም ለዓመታት ታሰሩ። ምእመናኑ በትንንሽ ቡድን ተከፋፍለው በየቤቱ መሰብሰብ ጀመሩ። መጽሐፍ ቅዱስና የማስተማሪያ ጽሑፍ ከእጅ ወደ እጅ ይተላለፍ ነበር፤ አንዱ አንብቦ ለሌላው ያሳልፋል። ስትዘጋ በሺዎች ብቻ ይቆጠሩ የነበሩት አባላት ደርግ ሲወድቅ በብዙ እጥፍ በዝተው ተገኙ። ይህን የማነሣው ስለ እድገቱ ብዙ ስለ ተነገረ ነው፤ ስለ ውሰቱ ግን ጥቂት ተነግሯል። መደርደሪያም በጀትም የሌለው ቤተ መጻሕፍት ነበር፤ ሆኖም መጽሐፉ ቀጥሎ ማን ዘንድ እንደሚሄድ የሚያውቅና የሚከታተል ሰው ነበረው።

አሁን ወደ አንድ ሌላ ተዋሽ ልውሰዳችሁ። ዮሐንስ ገብረጊዮርጊስ ይባላሉ፤ ተወልደው ያደጉት ነገሌ ቦረና ነው። ከትምህርት ቤት መጽሐፍ ውጭ አንድ መጽሐፍ በእጃቸው የገባው በ19 ዓመታቸው ነበር፤ እሱም የተዋሱት የፍቅር ልቦለድ ነው። (የወጣቶች አስተማሪ እንደ መሆኔ ሌላ መጽሐፍ ቢሆን ደስ ባለኝ፤ ታሪኩ ግን እንዲህ ነው።) ያ መጽሐፍ ሕይወታቸውን ለወጠው። በደርግ ዘመን ተሰደው አሜሪካ ገቡ፣ የቤተ መጻሕፍት ሙያ ተማሩ፣ በሳን ፍራንሲስኮ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት የልጆች ክፍል ተቀጠሩ። እዚያ በልዩ ልዩ ቋንቋዎች የልጆች መጻሕፍት እንዲገዙ በታዘዙ ጊዜ በአማርኛ የሚገዛ ነገር አጡ። ስለዚህ የሞኙን ማሞ ተረት በአማርኛና በእንግሊዝኛ ራሳቸው ጽፈው አሳተሙ። የገንዘቡ መነሻም ይኸው መጽሐፍ ሆነ፤ ከሽያጩ የተገኘው «ኢትዮጵያ ሪድስ» ለተባለው ድርጅት ዋለ። በዚህ ሥራ አብረዋቸው የተሰለፉት ደራሲዋ ጄን ከርትዝ ናቸው፤ የፕሬስቢቴርያን ሚስዮናውያን ልጅ ስለ ሆኑ ልጅነታቸውን ያሳለፉት በማጂ ነው።

አቶ ዮሐንስ በ1995 ዓ.ም. ወደ አዲስ አበባ ተመልሰው ሾላ የሕፃናት ቤተ መጻሕፍትን በራሳቸው መኖሪያ ቤት ከፈቱ፤ በስጦታ የተገኙ ወደ 15,000 የሚሆኑ መጻሕፍትም አብረዋቸው መጡ። ሾላ ሲባል ለእኛ ለምሥራቆቹ ቀድሞ የሚታየን ቅቤና በርበሬ የሚሸመትበት ገበያ ነው፤ ከዚያ ጊዜ ወዲህ ግን ስሙ ለልጆች መጽሐፍም ሆነ። በሐዋሳ ደግሞ አህያ የሚጎትተው ተንቀሳቃሽ ቤተ መጻሕፍት ጀመሩ። ሲኤንኤን እ.ኤ.አ. በ2008 ከዓመቱ ጀግኖች አንዱ ብሎ መርጧቸዋል።

ከዚህ ታሪክ ውስጥ እኔን የሚይዘኝ ሽልማቱ አይደለም። የቤት ኪራይ እንዳይከፈል ቤተ መጻሕፍቱ በባለቤቱ መኖሪያ ውስጥ ተቀመጠ፤ መጻሕፍቱ በውጭ አገር ሰዎች ደግነት ተገኙ፤ የየዓመቱ ወጪ ደግሞ ከባሕር ማዶ በሚሰበሰብ መዋጮ ተሸፈነ። ልፋቱን አለማድነቅ አይቻልም። ነገር ግን የአንድ ሰፈር ልጆች ንባብ በየዓመቱ በሌላ አህጉር ሰዎች ልብ መራራት ላይ ሲንጠለጠል፣ ልቡ የራራው ሰው ያረጀ ወይም ኪሱ የሳሳ ዕለት ምን ይሆናል? መጽሐፍ መስጠት የአንድ ቀን ሥራ ነው። ማዋስ ግን በየቀኑ ሰው ይፈልጋል።

ይህን በደንብ የተረዳ አንድ ሀብታም ነበር፤ አንድሩ ካርኒጊ። ቤተሰቡ እ.ኤ.አ. በ1848 ከስኮትላንድ ወደ አሜሪካ የተሰደደው በድህነት ነው። በሰፈራቸው ኮሎኔል ጄምስ አንደርሰን የሚባል ሰው 400 ያህል መጻሕፍቱን ለሠራተኛ ልጆች ከፍቶ ነበር፤ ልጁ ቅዳሜ አንድ መጽሐፍ ይወስዳል፣ በሚቀጥለው ቅዳሜ መልሶ ሌላ ይይዛል። ካርኒጊ ባለጸጋ ከሆነ በኋላ በዓለም ላይ ከ2,500 በላይ ቤተ መጻሕፍት አሠራ። ታዲያ ገንዘቡን የሚሰጠው ቅድመ ሁኔታ አስቀምጦ ነበር፤ ከተማው መሬቱን ያቀርባል፣ ከሕንፃው ወጪ 10 በመቶውን ያህል ደግሞ በየዓመቱ ከራሱ ግብር ለመመደብ ይፈርማል። ያልፈረመ ሕንፃውን አያገኝም። በፋብሪካዎቹ ሠራተኞቹን እንዴት ይይዝ እንደ ነበር ሌላ ታሪክ ነው፤ ለዚህ ውሉ ግን አመሰግነዋለሁ። (ሀብታም አገርም ቢሆን ይህን ይረሳል፤ በብሪታንያ እ.ኤ.አ. ከ2010 ወዲህ በነበሩት አሥር ዓመታት ገደማ ወደ 800 የሚጠጉ ቤተ መጻሕፍት በበጀት ቅነሳ ተዘግተዋል።)

ወደ ትምህርት ቤቶቻችን እንመለስ። እ.ኤ.አ. ከ2009 ወዲህ ትምህርት ቤቶች በተማሪ ቁጥር ታስቦ የሚሰጥ ድጎማ ያገኛሉ። ከዚያ ላይ ጠመኔው፣ የፈተና ወረቀቱ፣ የተሰበረው ዴስክና የፈሰሰው ቧንቧ ቀድመው ይቆማሉ፤ መጽሐፍ ወረፋው ሲደርሰው ብሩ አልቋል። በምኖርበት አካባቢ ያለ አንድ የመንግሥት ትምህርት ቤት ውስጥ ገብቼ አይቻለሁ። በስጦታ የመጡ ወፋፍራም የእንግሊዝኛ የነርስነትና የሂሳብ አያያዝ መጻሕፍት ሦስት መደርደሪያ ሞልተዋል፤ አንባቢዎቹ ግን የ6ኛ ክፍል ልጆች ናቸው። ኃላፊው ሙሉ ክፍለ ጊዜ የሚያስተምር መምህር ስለ ሆነ ክፍሉ የሚከፈተው እሱ ትርፍ ሰዓት ሲያገኝ ነው። መጽሐፍ ለምን ወደ ቤት እንደማያውስ ጠየቅሁት። መጻሕፍቱ በሞዴል 19 በስሙ ገቢ ሆነዋል፤ አንድ ቢጎድል ተጠያቂው እሱ ነው፤ ከትምህርት ቤቱ በዝውውር ሲወጣ ክሊራንስ አያገኝም። እንግዲህ በዚህ ደመወዝ ላይ የሰው ልጅ የጣለውን መጽሐፍ ይክፈል? የዮርዳኖሱ ሰውዬ ጩኸት ይኸው ነው። መፍትሔው ግን ከባድ አይመስለኝም፤ በንባብ ብዛት የሚያረጅና የሚጠፋ መጽሐፍ እንደ ጠመኔ አላቂ ዕቃ ተቆጥሮ በየዓመቱ ቢተካ መምህሩ ቁልፉን ይለቅቃል።

በጥር ወር ገደማ ከየትምህርት ቤቱ ወደ አብርሆት የሚጓዙ ተማሪዎችን ታክሲ ውስጥ አገኛቸዋለሁ። ከገርጂ ወይም ከአያት አራት ኪሎ ድረስ ሁለት ታክሲ ነው። አብርሆት በ2014 ዓ.ም. የተከፈተው ከ1 ቢሊዮን ብር በላይ ወጥቶበት ነው፤ 2,000 ያህል ሰው በአንድ ጊዜ ይይዛል። መሠራቱ ደስ ይላል። ለፈተና የሚዘጋጅ ወጣት ብርሃንና ጸጥታ ያገኝበታል። የ9 ዓመት ልጅ ግን ሁለት ታክሲ ይዞ ተረት ሊያነብ አራት ኪሎ አይሄድም፤ ለእሷም ለእሱም የሚያስፈልገው በእግር የሚደረስበት፣ ቅዳሜ ከሰዓት የሚከፈትና ቤት የሚያስገባ መጽሐፍ የሚሰጥ ክፍል ነው።

አብያተ ክርስቲያናታችን ለትምህርት ቤቶች ካርቶን ሙሉ መጽሐፍ ሲለግሱ በየዓመቱ አያለሁ፤ ፎቶም እንነሣለን። ለአንድ ዓመት የአንዲት መጽሐፍ አዋሽ ደመወዝ ልንክፈል ያለ ጉባኤ ግን እስካሁን አልገጠመኝም። እኛ የወጣቶች ክፍል ውስጥ የጀመርነው መደርደሪያ ትንሽ ነው፤ አንድ የመውጫ ደብተር አለው፤ ስም፣ የመጽሐፉ ርእስ፣ የወጣበት ቀንና የተመለሰበት ቀን ይጻፍበታል። ቁልፉን በየወሩ ተራ የሚይዙት ከእናንተው መካከል ሁለት ሁለት ልጆች ናቸው። ባለፈው ዓመት የጠፉትን መጻሕፍት ለመተካት ከመባው ላይ መጠነኛ ገንዘብ እንዲመደብ ሽማግሌዎቹን ጠይቀናል። «መጀመሪያ ያጠፉት ይመልሱ» የሚል ሐሳብ ተነሥቶ ነበር፤ ውይይቱ ገና አላለቀም።