የላዳዬ ማርሽ ዘንግ

አባቴ መርካቶ ጭድ ተራ ላይ ጭድ ይሸጥ ነበር። በአህያ የሚመጣውን የጤፍ ጭድ ያወርድና ቤት ለሚያስመርገው፣ ፍራሽ ለሚሞላው፣ ከብት ላለው ይሸጠዋል። ከተማው ከጭቃ ግድግዳ ወደ ብሎኬት ሲዞር ገዢው ሳሳ፤ ለሰፈሩ ስሙ ቀረለት። እኔ ከዚያው ሰፈር ወጥቼ ታክሲ ነዳሁ። የማወራችሁም በ1978 ዓ.ም. ስለያዝኳት ላዳና ስለ ማርሿ ዘንግ ነው።

አስቀድሜ ስለ መኪና ቃላቶቻችን ልናገር። በ1900 ዓ.ም. ለአጼ ምኒልክ መኪና ያመጣው ቤንትሌይ የሚባል እንግሊዛዊ ነው። የጋራዣችን ቋንቋ ግን ከእንግሊዝ አልመጣም። ጣልያን በ1928 አዲስ አበባ ከገባ በኋላ የአገሬውን ገበያ ከአራዳ ጊዮርጊስ አንስቶ ወደ አዲስ ከተማ አዛወረው፤ «መርካቶ» የሚለው ስም የዚያን ጊዜ ነው፤ የጋራዡ ቃላትም እንደዚሁ። ፍሬን፣ ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ጎማ፣ ቡሎን፣ ካቻቢቴ፣ ሁሉም የጣልያንኛ ልጆች ናቸው። ወራሪው በ1933 ተባረረ፤ ቃላቱን ግን መካኒኮቻችን ይዘው የራሳቸው አደረጓቸው። ፊደል ያልቆጠረ ሰው ካምቢዮ አውርዶ፣ በትኖ፣ መልሶ ሲገጥም አይቻለሁ። ይህን እንደ ትልቅ እውቀት እቆጥረዋለሁ።

ከላዳዬ በፊት አጎቴ ሴቼንቶ ነበረው፤ ፊያት 600። የዚያች መኪና ሞተርና ካምቢዮ ከኋላ ስለሆነ፣ ሾፌሩ የሚይዘው ዘንግ ማርሹን የሚያገኘው በረጅም ብረት ተያይዞ ነው። መጋጠሚያው ሲበላ ዘንጉ እጅ ላይ ይጨፍራል፤ ሁለተኛ ገባ ሲሉት አልገባም። አንደኛ ማርሿ ደግሞ ፍጥነት የሚያስማማ ሲንክሮ የለውም። መኪናዋ ካልቆመች በቀር ፍሪሲዮን ሁለቴ ረግጦ፣ ነዳጅ ሰጥቶ፣ ድምፅ አዳምጦ ማስገባት ይጠይቃል። በሰኔ 1956 አገሩ ሁሉ ከግራ መስመር ወደ ቀኝ ሲዞር አጎቴ መንገድ ላይ ነበር። መሪው በቀኝ በሆነ መኪና ማርሽን በግራ እጁ መቀየር የለመደ ሾፌር፣ መሪው በግራ ወደሆነው ሲሻገር እጁን እንደ አዲስ ማስተማር ነበረበት። ሰው ፊት ለፊት ተፋጦ የሚቀመጥባት ፔጆ 404፣ «ውይይት» ያልናት፣ ማርሿን ከመሪው ሥር ይዛ ስትመጣ ደግሞ ሌላ ትምህርት ሆነ።

ላዳ ስትመጣ እንግዳ አልሆነችብንም። ሩሲያ ትሥራት እንጂ መሠረቷ ፊያት 124 ነው፤ ፋብሪካው ያለበት ከተማ ቶሊያቲ እንኳ የተሰየመው በአንድ ጣልያናዊ ኮሚኒስት ስም ነው። ጠንካራ መኪና ናት። ዘንጓ ግን ረጅም ነው። ከአውቶቡስ ተራ እስከ ሰባተኛ ሰፈር ድረስ ሰው፣ አህያና ጋሪ በሞላበት መንገድ አንደኛ፣ ሁለተኛ፣ ዜሮ፣ እንደገና አንደኛ ስል ውዬ ማታ ትከሻዬን ሚስቴ በቅቤ ታሸኝ ነበር።

ዘንግ ማሳጠር የጀመርነው ያኔ ነው። የመጀመሪያው ዘዴ ጫፉን በመጋዝ ቆርጦ ጥርስ ማውጣትና እጀታውን መልሶ ማሰር ነበር። ስህተት ነው። የእጅ መንገዱ ያጥራል፤ እጀታው ግን ወደ ታች ስለሚርቅ ሾፌሩ ጎንበስ እያለ ይቀይራል። ትክክለኛውን ያሳየኝ ከጭድ ተራ ጥቂት ዝቅ ብሎ ቶርኖ ማሽን የነበረው ሰው ነው። «ልጄ፣ ዘንግ ሚዛን ነው» አለኝ። «ቁም ነገሩ የሚዞርበት ኳስ ላይ ነው።» ከኳሱ በላይ 30፣ ከኳሱ በታች 5 ሴንቲ አለ እንበል፤ እጅ ስድስት ሴንቲ ሲሄድ ታችኛው ጫፍ አንድ ይሄዳል። ኳሱ የተቀመጠበትን አንድ ሴንቲ ከፍ አድርገህ የታችኛውን ጫፍ በዚያው ልክ አስረዝመህ የላይኛውን ብታሳጥረው፣ በላይ 29፣ በታች 6 ይሆናል። እጀታው ከቦታው ሳይነቃነቅ የእጅ መንገድ ከአምስት አንድ እጅ ገደማ ቀነሰ። ዋጋው በጉልበት ይከፈላል፤ መግፊያው በሩብ ገደማ ይከብዳል። ብረቱን ከምናለሽ ተራ ገዛሁ፤ ማስቀመጫውን እሱ ቶርኖ ላይ አወጣው፣ የታችኛውንም ጫፍ በብየዳ ቀጠለው። ከመግጠሙ በፊት ግን በዘንጉ ውስጥ ያሉትን የተበሉ የላስቲክ ጎሚኒዎች አስቀየረኝ። ዛሬም ማርሽ ረዘመብኝ ለሚል ሁሉ የምሰጠው ምክር ይኸው ነው፤ ከዘንጉ በፊት ጎሚኒህን እይ። ብዙው እዚያ ላይ ያልቃል።

አንድ ጥፋት አጥፍቻለሁ። እጄ ሲቀለው ችኩል ሆንኩ። ሲንክሮ የሚባለው ቀለበት የሁለት ጥርሶችን ፍጥነት እስኪያስማማ ጊዜ ይፈልጋል። ጊዜውን ነፈግሁት። በዓመቱ ሁለተኛ ማርሽ እየጮኸ መግባት ጀመረ፤ በኋላም አልይዝ አለ። ካምቢዮው ሲበተን ቀለበቱ ተልጦ አየሁት። ለመለዋወጫ ሶማሌ ተራ ስዞር ሰነበትኩ፤ ልጆቼም ያን ሳምንት በብድር በሉ።

ቶርኖ የነበረው ሰው አርፏል። የሠራቸው ዘንጎች በስንት ላዳ ውስጥ እንዳሉ የመዘገበ የለም። በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከልክሏል፤ አሁን የሚገቡት ኤሌክትሪኮች ፍሪሲዮንም ማርሽ የሚቀየርበት ዘንግም የላቸውም። አሮጌ ላዳ ያላችሁ፣ ለቁራሌው በኪሎ ከመስጠታችሁ በፊት የማርሹን ዘንግ አውጥታችሁ ታችኛውን ጫፍ እዩልኝ። የብየዳ ቀለበት ካለበት የሰው እጅ ሥራ ነውና አስቀምጡት።