ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት

አዲስ አበባ ውስጥ የመጀመሪያ ቤታችሁን ልትገዙ ነው? ደላላው "ሌላ ገዢ መጥቷል" ብሎ ቢያጣድፋችሁም ቀብድ አትክፈሉ። መጀመሪያ ከባለቤቱ ጋር ክፍለ ከተማ ሂዱና ካርታው እዳና እገዳ እንደሌለበት አጣሩ። ባለትዳር ከሆነ ሁለቱም መፈረም አለባቸው። ኮንዶሚኒየም ከሆነ የ5 ዓመት የሽያጭ ገደቡ ማለፉን እዩ፤ "በውክልና እናስተካክለዋለን" የሚሉትን እኛ አንመክርም። በፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1723 መሠረት የቤት ሽያጭ ውል በጽሑፍ ሆኖ መመዝገብ አለበት። ሰፈር ውስጥ በሦስት ምስክር የተፈረመች ወረቀት ብቻዋን ፍርድ ቤት ላይ ልታስለቅሳችሁ ትችላለች።

ብድሩስ? ለምሳሌ 2 ሚሊዮን ብር በ17 በመቶ ብትበደሩ የመጀመሪያው ወር ወለድ ብቻ 28,333 ብር ነው፣ ዋናው ገና ሳይነካ። ከደመወዛችሁ ጋር አስተያዩት። ወለዱ ቋሚ ነው ወይስ ባንኩ ሊጨምረው ይችላል? ይቺን ውሉ ላይ ካላነበባችሁ አትፈርሙ።